ኮቪድ የያዘው ሰው ባለበት ቤት ድመትና ውሻ እንዴት ይያዙ?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቤት ውስጥ ኮቪድ የያዘው ሰው ለብቻው ክፍል ተኝቷል። ድመቷ በሩ ሲከፈት ሰተት ብላ ገብታ እግሩ ሥር ትተኛለች፤ ውሻው ደግሞ በየቀኑ መውጣት አለበት። በሽታው በእነሱ በኩል ወደ ሌላው ቤተሰብ ይተላለፋል? ጸጉራቸውን በሳኒታይዘር ወይም በበረኪና መጥረግስ ይቻላል?

መልስ 1፦
ከመጨረሻው ልጀምር፣ አደጋው እሱ ላይ ነውና። በፍጹም አይጥረጓቸው። ድመት ቀኑን ሙሉ ራሷን ስትልስ ስለምትውል ጸጉሯ ላይ ያረፈ ሁሉ ሆዷ ይገባል። በረኪና አፏንና ጉሮሮዋን ያቆስላል፤ አልኮል ይመርዛታል። ዴቶልን የመሰሉ፣ ውሃ ሲገባባቸው እንደ ወተት የሚነጡ ፀረ ጀርሞች ደግሞ የባሱ ናቸው፤ ውስጣቸው ያለውን የፌኖል ዓይነት ኬሚካል የድመት ጉበት አጣርቶ ማስወጣት ያቅተዋል። ወለሉ በእነሱ ከተወለወለ እንኳ በመዳፏ ይዛው ትልሰዋለች። ድንገት ከነካት በለብታ ውሃና በለስላሳ ሳሙና አጥበው፣ እንዳትልስ ይዘው፣ ወዲያው የእንስሳት ሐኪም ጋ ይደውሉ። ሊያስመልሷት አይሞክሩ።

እጅዎን በሳኒታይዘር ካሹም ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ አይዳብሷት።

መልስ 2፦
ስለ መተላለፉ፦ ኮቪድ በአብዛኛው የሚሄደው ከታመመው ሰው ወደ እንስሳው ነው። መልሶ ወደ ሰው መምጣቱ ብርቅ ነው፤ ግን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2022 መጀመሪያ ሆንግ ኮንግ ውስጥ ከሃምስተር (አይጥ ከመሰለች ትንሽ የቤት እንስሳ) ወደ ሰው መተላለፉ ታይቷል። ስለዚህ ድመቷም እንደ ማንኛውም የቤተሰብ አባል ከሕመምተኛው ትለይ። መሳም፣ አብሮ መተኛት፣ ከአንድ ሳህን መቃመስ ይቁም። የምግብ ሳህኗና የምትጸዳዳበት የአሸዋ ሳጥኗ ከዚያ ክፍል ይውጣ፤ አለዚያ በሩን እየጫረች ታስቸግራለች። የሚመግባት ጤነኛ ሰው ይሁን። ሕመምተኛው የግድ ከሆነበት ማስክ አድርጎ፣ ከመንካቱ በፊትና በኋላ እጁን ለ20 ሰከንድ በሳሙና ይታጠብ። ለእንስሳ ግን ማስክ አይደረግም፤ ትንፋሽ ያሳጥራል።

ውሻውን ጤነኛው ሰው በማሰሪያ ያውጣው፤ ሰው እንዲዳብሰው አይፍቀድ።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ። የአሸዋ ሳጥኑንስ በበረኪና ማጠብ ይሻላል?

መልስ 1፦
ይቻላል፣ ቅደም ተከተሉ ግን ወሳኝ ነው። ሽንት ያለበት ሳጥን ላይ በረኪና ከተደፋ፣ በሽንቱ ያለው አሞኒያ ከበረኪናው ጋር ተዋሕዶ ክሎራሚን የሚባል ጋዝ ይሆናል። ዓይን ያቃጥላል፣ ያስላል፤ በጠባብ መታጠቢያ ቤት ሳንባ ይጎዳል። መጀመሪያ አሸዋውን በጓንት አውጥተው በፌስታል ይቋጥሩ፤ ሳጥኑን በሳሙና ፈትገው ሽታው እስኪጠፋ ያለቅልቁ። ከዚያ ነው በረኪናው፦ 5 በመቶ ከሆነ በ1 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ 4 የሻይ ማንኪያ (20 ሚሊ ሊትር)። ሙቅ ውሃ ያደክመዋል፤ ቆሻሻ ካለም በበረኪናው ውስጥ ያለው ክሎሪን እዚያው ያልቃል። 10 ደቂቃ እርጥብ ይቆይ፣ ደጋግመው ያለቅልቁ፣ ይድረቅ። መስኮቱ ክፍት፣ ድመቷም ውጭ ትሁን። የተረፈው ለነገ አይቀመጥም። የክሎሪን ሽታ ከቀረበት አንዳንድ ድመት ሳጥኑን ትታ ምንጣፍ ላይ ትሸናለች።

መልስ 3፦
አንድ ልጨምር። ወረርሽኙ የወፍ ጉንፋን ከሆነ ዋናው መግቢያ የድመቷ ምግብ ነው። በ2024 አሜሪካ ውስጥ ከታመሙ ላሞች ያልፈላ ወተት የጠጡ የእርሻ ድመቶች ሞተዋል። ወተቱ ይፍላ፣ የዶሮ ሥጋው ይብሰል፣ ወፍ እንዳታድን ቤት ትዋል። የሞተ ወፍ ይዛ ከመጣች በባዶ እጅ አይቀበሏት።