ኩሉ እየወረደ አስቸገረኝ፣ መላ በሉኝ

እህቶች፣ ሜካፕ የምትችሉ ድረሱልኝ! ቅዳሜ የጓደኛዬ ልደት በፈረንጆቹ 1990ዎቹ ስታይል ነው፤ እኔ ደግሞ የሲያትል ግራንጅ (የሮክ ሙዚቃ ዓይነት) ዘመንን፣ በተለይ ዘፋኟን ኮርትኒ ላቭን መምሰል አምሮኛል። ከንፈሩ ቀላል ነው፤ እሷ ቀይ ታበዛለች፣ እኔ ያለኝ ቡናማ ነው፣ ይበቃል። ችግሬ ዓይኑ ነው። ጥቁር የእርሳስ ኩል ሽፋሽፍቴ ሥር እቀባና በጣቴ አደበዝዘዋለሁ። መጀመሪያ ያምራል፤ ትንሽ ቆይቶ ግን የዓይኔ ቆብ ስለሚወዛ እጥፋቱ ላይ ይሰበሰባል፣ ከታች ደግሞ ወርዶ ያለቀስኩ ያስመስለኛል። መዝረክረኩን ፈልጌዋለሁ፣ ግን በልኩ! ኩሉ ላይ ቡናማ አይሻዶ ብደርብበት ይይዝልኛል ወይስ አስቀድሜ ቆቤን ፓውደር ልንካው? ፕራይመር (ሜካፕ እንዲይዝ ቀድሞ የሚቀባው) የለኝም፣ ለአንድ ምሽት ብዬም አልገዛም። የታችኛውንስ ጭራሽ ልተወው?