ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ ለያይቶን ከ20 ዓመት በኋላ የጓደኛዬን ቁጥር አገኘሁ፣ ምን ብዬ ልደውል?

የጀንቲሊው፦
ሰላም ሰዎች፣ ምክር ፈልጌ ነው። በፈረንጅ 2005 አሜሪካ፣ ኒው ኦርሊንስ ነበርኩ። ሦስት ሐበሾች ጀንቲሊ ሰፈር ቤት ተከራይተን፣ ፍሬንች ኳርተር ሆቴል ፓርኪንግ እንሠራ ነበር። እሑድ ጠዋት ከንቲባው ሁሉም ይውጣ ሲል ሁለታችን ልብሳችንን፣ ፓስፖርታችንን፣ የሦስተኛውን ልጅ ጀበና ሳይቀር ጭነን ተነሳን። እሱ ግን "አምና ለአይቫን አውሎ ነፋስ ሮጣችሁ ምን መጣ?" ብሎ ቀረ። ተጨቃጨቅን። እኔም ተናድጄ "የራስህ ጉዳይ!" ብዬው ወጣሁ።

ሰኞ ግድቡ ተደረመሰ። 80 በመቶው ከተማ ውሃ ሲውጠው ሂውስተን ቁጭ ብዬ በቲቪ እያየሁ ብደውል ብደውል ስልኩ የለም። እንቁጣጣሽን በሰው ሳሎን ምንጣፍ ላይ ዋልን። በኋላ በአውቶብስ ወጥቷል ሲሉ ሰማሁ፣ ከዚያ ወዲያ ጠፋ። ባለፈው ሳምንት ለቅሶ ላይ አንድ ሰው ዳላስ እንዳለ ነግሮኝ ቁጥሩን ሰጠኝ። ልደውል? ወይስ ዝም ብዬ ቤቱ ልሂድ?

ሜተሪ ነበርኩ፦
ወንድሜ፣ ሳትደውል ቤቱ እንዳትሄድ! ደሞ ያኔ ያላነሳው ተቀይሞህ እንዳይመስልህ። 504 ቁጥር (የኒው ኦርሊንስ ኮድ) የያዘ ሁሉ ስልኩ አይገባም ነበር እኮ፣ ቴክስት ብቻ አልፎ አልፎ ታልፍ ነበር። እኔ አዲስ አበባ እናቴ ጋ የደወልኩት በሳምንቱ፣ ባተን ሩዥ ላይ ከማላውቃት ሴትዮ ስልክ ነው። ቤት ውስጥ ለቅሶ ሊቀመጡ ምንም አልቀራቸውም።

የአስትሮዶሙ፦
ደውል በቃ፣ 20 ዓመት አስበህበታል። አንድ ነገር ብቻ፦ "እንዴት ወጣህ?" ብለህ አትጀምር። ያኔ መጠለያ ወደሆነው የሂውስተን ስታዲየም፣ አስትሮዶም፣ ምግብ እናመላልስ ነበር፣ ከኒው ኦርሊንሱ ስታዲየም ከሱፐርዶም የመጡትን ስንጠይቃቸው ዝም ይሉ ነበር። አንዱ ልጅ ሦስት ቀን ሙሉ ከእንጀራው በቀር ቀና ብሎ ያየው ነገር የለም። ሲፈልግ ራሱ ያወራሃል። ስለ ልጆቹ፣ ስለ ሥራው ጠይቀው።

ሜተሪ ነበርኩ፦
እሱስ ልክ ነው። "የራስህ ጉዳይ" ላልከው ግን ይቅርታ ጠይቅ፣ አትዝለላት።

የጀንቲሊው፦
ደወልኩ፣ አላነሳም። ከአሥር ደቂቃ በኋላ "ማን ልበል?" የሚል ቴክስት መጣ። ስሜን ጻፍኩና ይቅርታዬንም ጨመርኩ። ብዙ ቆይቶ "ጀበናዬስ?" አለኝ።

አፏ ትንሽ ተሸርፏል እንጂ አለች። ቅዳሜ ይዤለት ዳላስ እሄዳለሁ።