የፍሪቢኤስዲን ሰነድ ከኮዱ ጋር እኩል ማራመድና የሩብ ዓመት የሂደት ሪፖርት ማዘጋጀት፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ «ዋርካ»

ሰላም ለሁላችሁ። ከሁለት ባልደረቦቼ ጋር በትርፍ ጊዜያችን ለፍሪቢኤስዲ ስርዓተ ክወና አስተዋጽኦ እናደርጋለን። እነሱ አንድ የዋይፋይ ካርድ ድራይቨር (ካርዱን ከስርዓቱ ጋር የሚያገናኝ ፕሮግራም) እያሻሻሉ ነው፤ ለእኔ የደረሰኝ ድርሻ ደግሞ ሰነዱን መያዝና ሥራው የደረሰበትን ደረጃ በየጊዜው በጽሑፍ ማሳወቅ ነው። ፕሮግራም መጻፍ እችላለሁ፤ ይህን ዓይነት ሥራ ግን ከዚህ በፊት ሠርቼ አላውቅም።

መጀመሪያ ያስቸገረኝ፣ ኮዱ በተቀየረ ቁጥር ሰነዱ ወደ ኋላ መቅረቱ ነው። ባልደረቦቼ አንድ የማስተካከያ አማራጭ ጨምረው፣ ሌላውን አስወግደው ፓቹን (የኮድ ለውጡን የያዘውን ፋይል) ይልካሉ፤ ከስርዓቱ ጋር የሚመጣው የማኑዋል ገጽ ግን አሁንም የቀድሞውን ይናገራል፤ የፕሮጀክቱ መመሪያ መጽሐፍ በሆነው ሃንድቡክ ውስጥ ስለ ገመድ አልባ ኔትወርክ የተጻፈው ደግሞ ከሁለቱም ይለያል። የትኛውን መረጃ የት ማስቀመጥ እንዳለብኝ፣ የትኛውንስ አስቀድሜ ማስተካከል እንዳለብኝ ግልጽ አልሆነልኝም። ሌላው ጥያቄዬ ፕሮጀክቱ በየሩብ ዓመቱ የሚያወጣውን የሂደት ሪፖርት ይመለከታል። ሩብ ዓመቱ ሊያልቅ ጥቂት ሳምንታት ቀርተውታል፤ ድራይቨሩ ግን ገና ግማሽ ላይ ነው፤ ከሦስታችንም በቀጥታ ኮሚት የማድረግ (ለውጥን በፕሮጀክቱ ኮድ ውስጥ የማስገባት) መብት ያለው የለም። ያላለቀ ሥራ በዚያ ሪፖርት ላይ ማቅረብ ተገቢ ነው? ተገቢ ከሆነስ የሦስት ወር ሥራ እንዴት ተሰብስቦ ይጻፋል?

መልስ፦ «መዝገብ ቤት»

ስለ መጀመሪያው ጥያቄዎ ልመልስ። ግራ ያጋባዎት ነገር መነሻው ሰነዶቹ የሚቀመጡት በሁለት የተለያዩ ሪፖዚተሪዎች (ፋይሎች ከነለውጥ ታሪካቸው የሚቀመጡባቸው ማከማቻዎች) ውስጥ መሆኑ ነው። የማኑዋል ገጾች ከስርዓቱ እምብርት ከከርነሉና ከትዕዛዞቹ ኮድ ጋር በምንጭ ኮዱ ሪፖዚተሪ ውስጥ ይኖራሉ፤ ሃንድቡኩ፣ ልዩ ልዩ ጽሑፎቹና ድረ ገጹ ደግሞ በሰነድ ሪፖዚተሪው ውስጥ ናቸው። ስለዚህ አንድ ፓች ልከው ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ማስተካከል አይችሉም፤ አንዱ ሲቀየር ሌላውን የሚያስታውስ ሰው ከሌለ ልዩነቱ መፈጠሩ አይቀርም።

የሥራ ክፍፍሉ እንዲህ ነው። ድራይቨሩ የሚደግፋቸው የካርድ ሞዴሎች፣ የሚቀበላቸው አማራጮች፣ ነባሪ ዋጋዎቻቸውና የሚያወጣቸው የስህተት መልእክቶች የማኑዋል ገጹ ድርሻ ናቸው፤ የድራይቨር ገጽ ቦታው ከማኑዋሉ ክፍሎች ክፍል 4 ነው። ሃንድቡኩ ደግሞ አንድ ሰው ላፕቶፑን ከዋይፋይ ጋር ለማገናኘት ከየት ጀምሮ የት እንደሚጨርስ፣ በመካከል የትኞቹን ትዕዛዞች በምን ቅደም ተከተል እንደሚጠቀም የሚያስረዳ ነው። ሃንድቡኩ ውስጥ የአማራጮች ዝርዝር ተገልብጦ ካገኙ አውጥተው በምትኩ ወደ ማኑዋል ገጹ የሚመራ ሊንክ ያስቀምጡ። አስቀድመው ማስተካከል ያለብዎትም የማኑዋል ገጹን ነው፤ ተጠቃሚው ኢንተርኔት በሌለበት ማሽን ላይ እንኳ ሊያገኘው የሚችለው እሱን ነውና፤ በተለይ ደግሞ ያልሠራለት ዋይፋዩ ራሱ ከሆነ።

አንድ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር ልጨምር። በክፍል 4 ገጾች ውስጥ «ሃርድዌር» የሚል ንዑስ ርዕስ አለ። አዲስ እትም ሲወጣ አብሮ የሚታተመው የሃርድዌር ማስታወሻ የድራይቨሮችን ዝርዝር የሚወስደው ከዚያ ንዑስ ርዕስ ነው። እዚያ ላይ ያልተሞከረ ካርድ «ይደገፋል» ብለው ቢጽፉ፣ ያ ዓረፍተ ነገር ከገጹ ወጥቶ ሰዎች ኮምፒውተር ለመግዛት በሚያነቡት ዝርዝር ውስጥ ይገባል። ስለዚህ በእጃችሁ ሞክራችሁ ያረጋገጣችሁትን ብቻ ጻፉ፤ የሚያጠራጥረው እንደየሁኔታው «ጉድለቶች» በሚለው ንዑስ ርዕስ ስር ይግለጽ።

መልስ፦ «ባለ ተርሚናሉ»

«መዝገብ ቤት» ባሉት እስማማለሁ፤ ነገር ግን መፍትሔው ከሰነድ ጸሐፊው ይልቅ በባልደረቦችዎ እጅ ነው ብዬ አምናለሁ። የማኑዋል ገጹ ከኮዱ ጋር በአንድ ሪፖዚተሪ ውስጥ የተቀመጠው ሁለቱ በአንድ ፓች አብረው እንዲሄዱ ነው። በመካከላችሁ አንድ ደንብ ይኑራችሁ፦ ተጠቃሚው የሚያየውን ነገር የሚቀይር ፓች የማኑዋል ገጹን ለውጥ ሳይዝ ለግምገማ አይላክ። ዓረፍተ ነገሩን እርስዎ ሊያርሙላቸው ይችላሉ፤ ሳይጻፍ ግን አይሂድ። የጎረቤት ፕሮጀክት የሆነው ኦፕንቢኤስዲ በዚህ ረገድ የታወቀ ነው፤ እዚያ የሰነድ ስህተት እንደ ማንኛውም የኮድ ስህተት ይታያል።

በተግባር ሲመጣ፣ ገጾቹ የሚጻፉት ኤምዶክ በተባለ የምልክት ቋንቋ ነው። ከፋይሉ አናት አካባቢ «ዲዲ» በሚለው ምልክት የሚጀምር መስመር ላይ ቀን ሰፍሮ ያገኛሉ። ይህ ቀን የሚታደሰው የገጹ ይዘት ሲቀየር ነው፤ የፊደል ግድፈት ብቻ ካረሙ አይነካም። ቀኑ በእንግሊዝኛ የወር ስም፣ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ይጻፋል። ከመላክዎ በፊት ገጹን «ማንዶክ» በተባለው ፕሮግራም የማረሚያ ሁነታ ያስፈትሹት፤ የተሳሳተ ምልክት፣ ባዶ አንቀጽ ወይም የተዛባ ቅደም ተከተል ካለ ከነመስመር ቁጥሩ ይነግርዎታል። «ኢጎር» የሚባል ሌላ ማረሚያ ከፖርቶቹ (ለፍሪቢኤስዲ ከተዘጋጁት ተጨማሪ ፕሮግራሞች ስብስብ) ውስጥ ይገኛል፤ የተደጋገሙ ቃላትንና በመስመር መጨረሻ የተረሱ ክፍት ቦታዎችን ሳይቀር ይለቅማል።

የሰነድ ሪፖዚተሪው አጻጻፍ ከዚህ የተለየ ነው። ከ2021 መጀመሪያ ጀምሮ ከዶክቡክ ወጥቶ ወደ አስኪዶክ ተዛውሯል (ሁለቱም የሰነድ መጻፊያ የምልክት ቋንቋዎች ናቸው)፤ ድረ ገጹን የሚያመነጨውም ሁጎ የተባለው ፕሮግራም ነው። እዚያ አንድ ዓረፍተ ነገር በአንድ መስመር ይጻፋል፤ ዓረፍተ ነገሩ የቱንም ያህል ቢረዝም አይሰበርም። መጀመሪያ ላይ እንግዳ ሊሆንብዎት ይችላል፤ ነገር ግን አንዲት ቃል ስትቀየር ዲፉ (የአሮጌውና የአዲሱ ጽሑፍ ልዩነት ዝርዝር) የሚያሳየው ያንኑ አንድ ዓረፍተ ነገር ስለሆነ፣ ለገምጋሚውም ሆነ ጽሑፉን ወደ ሌላ ቋንቋ ለሚመልሰው ሰው ትልቅ እረፍት ነው።

መልስ፦ «ሩብ ዓመት»

እኔ ስለ ሪፖርቱ ብቻ እመልሳለሁ። ያላለቀ ሥራ ማቅረብ ተገቢ ብቻ ሳይሆን የሚፈለግ ነው። የፍሪቢኤስዲ የሂደት ሪፖርት ከ2001 ጀምሮ የሚወጣ ሲሆን፣ ዓላማው ፕሮጀክቱ ውስጥ ምን እየተሠራ እንደሆነ ለውጭ አንባቢ ማሳየት ነው። ያለቀውን ነገር አንባቢው ከእትም ማስታወሻው ያገኘዋል፤ ገና በመንገድ ላይ ያለውን ግን የሚያውቀው ከዚህ ሪፖርት ነው። ኮሚት የማድረግ መብት የሌለውም ሰው ማስገባት ይችላል፤ ጽሑፉን በአስኪዶክ አዘጋጅቶ በጊትሃብ፣ በፋብሪኬተር (በፕሮጀክቱ የፓች መገምገሚያ ድረ ገጽ) ወይም በኢሜይል መላክ ይቻላል።

ይዘቱን በተመለከተ፣ አንባቢዎ ፍሪቢኤስዲን የሚያውቅ፣ የእናንተን ድራይቨር ግን ሰምቶት የማያውቅ ሰው እንደሆነ አድርገው ይውሰዱት። ስለዚህ በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ይህ ድራይቨር ምን እንደሆነና ለማን እንደሚጠቅም ይንገሩት። ቀጥሎ ባለፉት ሦስት ወራት ምን እንደተቀየረ፣ ምን እንደቀረ፣ በመጨረሻም ከአንባቢው ምን እንደምትፈልጉ ይጻፉ። ይህ የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ ነገር ግን የሪፖርቱ ትልቁ ጥቅም እሱ ይመስለኛል። የምትፈትኑበት ካርድ ካጠራችሁ፣ ወይም ፓቻችሁ ገምጋሚ አጥቶ ከቆየ፣ እዚያ ላይ በግልጽ ጻፉት።

አሰባሰቡን በተመለከተ ብዙዎች በየሳምንቱ ማስታወሻ መያዝን ይመክራሉ። እኔ አልመክርም፤ በትርፍ ጊዜ የሚሠራ ቡድን ማስታወሻውን ሁለት ሳምንት ይይዝና ይተወዋል። የኮሚት መልእክቱ በሥርዓት ከተጻፈ እሱ ራሱ ማስታወሻ ነው። የጊትን (የኮዱን ለውጦች የሚመዘግበውን ፕሮግራም) ሎግ፣ ማለትም የኮሚቶቹን ዝርዝር፣ በሩብ ዓመቱ የመጀመሪያና የመጨረሻ ቀን ወስነው፣ የድራይቨሩን ማውጫ ብቻ መርጠው ያውጡት፤ ከዚያ በቀን ሳይሆን በጉዳይ ይመድቡት። የሃይኩ ስርዓተ ክወና ሰዎች ወርሃዊ ሪፖርታቸውን ሲጽፉ ከየትኛው የክለሳ ቁጥር እስከ የትኛው እንደሚሸፍን መጀመሪያ ላይ ያስቀምጣሉ። ለራስዎ መዝገብ ይህን ይውሰዱ፤ የሚቀጥለውን ሪፖርት ከየት እንደሚጀምሩ ፍለጋ አይገቡም።

መልስ፦ «መዝገብ ቤት»

«ሩብ ዓመት» ስለ ማስታወሻ ባሉት አልስማማም። ሎጉ የተሳካውን ብቻ ነው የሚያሳየው። ተሞክሮ የተተወ መንገድ፣ ከካርዱ አምራች የተጠየቀና ያልተመለሰ ጥያቄ፣ ተቀባይነት ያላገኘ ፓች በኮሚት ታሪክ ውስጥ አይገኙም፤ ለሪፖርት አንባቢ ግን ጠቃሚዎች ናቸው፤ ሌላው ሰው ያንኑ መንገድ ዳግም እንዳይሞክር ያደርጉታልና። አንድ የጽሑፍ ፋይል ከፍተው ሎግ ውስጥ የማይገባውን ብቻ ቢመዘግቡበት ሥራው ብዙ አይሆንም።

የጠያቂው ተጨማሪ ጽሑፍ፦ «ዋርካ»

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ባላችሁት መሠረት ደንቡን ከባልደረቦቼ ጋር ተስማምተንበታል፤ የማኑዋል ገጹንም በማንዶክ አስፈትሼዋለሁ። የሪፖርቱን ረቂቅ በአማርኛ እንዲህ ጀምሬዋለሁ፤ ሐሳቡ ከተስተካከለ በኋላ ወደ እንግሊዝኛ እመልሰዋለሁ፦

«በዚህ ሩብ ዓመት ድራይቨሩ ላይ በርካታ ማሻሻያዎች ተደርገዋል። የተለያዩ ችግሮች የተፈቱ ሲሆን የድራይቨሩ አስተማማኝነት በከፍተኛ ደረጃ ጨምሯል። ቀሪ ሥራዎችም በቀጣይ የሚከናወኑ ይሆናል።»

መልስ፦ «ሩብ ዓመት»

ይህን አንቀጽ የየትኛውም መሥሪያ ቤት የየትኛውም ዓመት ሪፖርት ላይ ብናስገባው ማንም ልብ አይለውም፤ ችግሩም እሱ ነው። «በርካታ» ያሉት ምን ምን ነው? «ችግሮች» ያሉት ተጠቃሚው ፊት እንዴት ይታዩ ነበር? አስተማማኝነቱ መጨመሩ በምን ታወቀ? የሠራችሁትን እናንተ ታውቃላችሁ፤ እኔ በግምት አንድ ምሳሌ ልጻፍ፣ እውነታውን እርስዎ ይተኩበት፦

«ከዚህ በፊት ላፕቶፑ ተከድኖ ሲከፈት ድራይቨሩ ከዋይፋዩ ጋር መልሶ መገናኘት ስለማይችል ተጠቃሚው የድራይቨሩን ሞጁል ከስርዓቱ አውጥቶ እንደገና ለመጫን ይገደድ ነበር። አሁን ግንኙነቱ በራሱ ይመለሳል። ይህ የተፈተነው በሁለት የካርድ ሞዴሎች ላይ ብቻ ስለሆነ፣ ሌሎቹ ሞዴሎች ያሏቸው ተጠቃሚዎች ፓቹን ሞክረው ውጤቱን እንዲያሳውቁን እንጠይቃለን። በ5 ጊጋኸርዝ የሚሠሩ ቻናሎች ገና አይደገፉም።»

ልብ ይበሉ፣ የማይሠራው ነገር በአንድ አጭር ዓረፍተ ነገር፣ ያለ ይቅርታና ያለ ማስተባበያ ተጽፏል። «ይከናወናል»፣ «ይጠናቀቃል» የሚሉትን የተስፋ ቃላት ይተዉአቸው፤ በነፃ ጊዜ ለሚሠራ ሥራ ቀን መቁረጥ ራስን ያለ ምክንያት ማስጨነቅ ነው። ከአንቀጹ በላይ ደግሞ ወደ ፓቹና ወደ ማኑዋል ገጹ የሚወስዱ ሊንኮችንና የምትገኙበትን አድራሻ ያስገቡ።

መልስ፦ «ከአዳማ»

እኔ ደግሞ ስለ ጊዜና ስለ ኢንተርኔት አንድ ሁለት ነገር ልበል። ሩብ ዓመቶቹ የሚቆጠሩት በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ስለሆነ የመጀመሪያው በመጋቢት 22፣ ሁለተኛው በሰኔ 23 ያልቃል። ሎጉን በቀን ወስነው ሲያወጡ የእኛን የወር መጀመሪያ ተከትለው ቢወስኑት የአንዱ ሩብ ዓመት ሥራ ወደ ሌላው ይገባል። የሪፖርቱ ማስገቢያ ቀን ሪፖርት እንድትልኩ በሚወጣው ጥሪ ስለሚገለጽ ጥሪውን ተከታተሉ።

የሰነድ ሪፖዚተሪውን ከነሙሉ ታሪኩ ማውረድ በሞባይል ኢንተርኔት ከባድ ነው። ለሪፖርት ብቻ ከሆነ የቅርቡን ኮሚት ብቻ የሚያወርደውን ጥልቀት 1 አማራጭ ተጠቅመው ይቅዱት። የምንጭ ኮዱን ግን እንዲህ አያድርጉት፤ ታሪኩ ከሌለ ሎጉም የለም። ለእሱ የድሮ ፋይሎችን ይዘት ሳይሆን የኮሚቶቹን ታሪክ ብቻ የሚያመጣውን የጊት ማጣሪያ ይጠቀሙ፤ የጎደለው ይዘት በተፈለገ ጊዜ ይወርዳል፤ ለዚያ ግን ግንኙነት ያስፈልጋል። ገጹ ምን እንደሚመስል ለማየትም ኢንተርኔት አያስፈልግም፤ ሁጎ በራስዎ ኮምፒውተር ላይ በኔትወርክ ፖርት 1313 ያሳይዎታል።

የጠያቂው ተጨማሪ ጽሑፍ፦ «ዋርካ»

አንድ የቀረኝ ጥያቄ አለ። ከባልደረቦቼ አንዱ ያስወገደውን አማራጭ አሁንም የሚጠቀሙ ሰዎች ይኖራሉ። ስሙን ከማኑዋል ገጹ ላይ ባጠፋው በቂ ነው ወይስ ሌላ ቦታም መጻፍ አለበት?

መልስ፦ «ባለ ተርሚናሉ»

ከገጹ ማጥፋት ብቻውን በቂ አይደለም፤ የጠፋውን ነገር የሚፈልግ ሰው ጠፋ የሚል ጽሑፍ ካላገኘ ማሽኔ ተበላሸ ብሎ ያስባል። በምንጭ ኮዱ ሪፖዚተሪ አናት ላይ ሁለት ፋይሎች አሉ። «ሬልኖትስ» የሚባለው በሚቀጥለው እትም ማስታወሻ ውስጥ መግባት ያለባቸው ለውጦች የሚመዘገቡበት ነው፤ «አፕዴቲንግ» የሚባለው ደግሞ ስርዓቱን ከምንጭ ኮዱ እየገነቡ ለሚያሳድጉ ሰዎች የሚሰጥ ማስጠንቀቂያ ነው። የእናንተ ለውጥ አሮጌውን ማስተካከያ የያዘን ማሽን ዋይፋይ የሚያሳጣ ከሆነ በሁለቱም ውስጥ እንዲገባ ጠይቁ፤ ከነባሪ ዋጋ መቀየር የማያልፍ ከሆነ ግን የመጀመሪያው ይበቃል። ኮሚት የሚያደርግላችሁ ሰውም በኮሚት መልእክቱ ውስጥ ለእትም ማስታወሻ እንደሚሆን የሚያመለክተውን መስመር እንዲያስገባ ከፓቹ ጋር አብራችሁ ጻፉለት፤ ማስታወሻውን የሚያዘጋጁት ሰዎች ያንን መስመር ይፈልጋሉ። የተወገደው አማራጭ ምትክ ካለው የምትኩን ስም እዚያው ላይ አስቀምጡ፤ ከሌለውም «ምትክ የለውም» ብላችሁ ጻፉ።