የግል ሀብት አስተዳደርን ለቢዝነስ ተማሪዎች ከየት እንጀምርላቸው?

ጣና ዳር፦

ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር የቢዝነስ መምህርት ነኝ። በሚቀጥለው ሴሚስተር ለተመራቂ ተማሪዎች የግል ሀብት አስተዳደር እንዳስተምር ተመድቤያለሁ። ኮርሱን በጣም ነው የምወደው። ልጆቹ የድርጅት ሒሳብ ያገላብጣሉ፣ የፕሮጀክት አዋጭነት ይሠራሉ፤ አንድ ቤተሰብ ፊታቸው ቁጭ ብሎ «ይህን ያህል አፍርተናል፣ ከዚህ በኋላ ምን እናድርግ?» ቢላቸው ግን ግራ ይገባቸዋል። ከተማችን ውስጥ ደግሞ ይህ ጥያቄ ያለበት ቤተሰብ ሞልቷል።

የቸገረኝ መጽሐፉ ነው። እጄ ላይ ያለው ሁሉ የውጭ ነው። የመጽሐፉ ደንበኛ ሀብቱ በአክሲዮንና በቦንድ የተቀመጠ፣ የጡረታ ገንዘቡን ራሱ የሚያዝበት፣ አማካሪና ጠበቃ ያለው ሰው ነው። የእኛ ባለሀብት ወረታ ላይ የሩዝ መፈልፈያና መጋዘን ያለው፣ ባሕር ዳር ላይ አንድ መኖሪያና አንድ የሚያከራየው ቤት የሠራ፣ አይሱዙ የሚያሠራ፣ አራት አምስት ባንክ ውስጥ አክሲዮን የገዛ፣ ጠቀም ያለ ዕቁብ የሚጥል፣ ባለቤቱ ደግሞ ወርቅ ያላት ሰው ነው። ሁሉም ነገር በቃል ነው። የት ምን እንዳለ ጠቅላላውን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው።

ልምድ ያላችሁ ንገሩኝ። ከምን ልጀምር? የፖርትፎሊዮ ስሌቱን፣ ማለትም ሀብትን በተለያዩ ንብረቶች የማከፋፈሉን ሒሳብ፣ ምን ያህል ልግፋበት? ደግሞ ተማሪዎቹ የራሳቸውን ቤተሰብ ሀብት ዘርዝረው እንዲያመጡ አሳይመንት ልሰጥ አስቤ ነበር፣ እሱንስ እንዴት ታዩታላችሁ?

የባንክ ሰው፦

እህቴ፣ ጥያቄሽ ደስ አሰኝቶኛል። ትልልቅ ደንበኞች የሚስተናገዱበት ክፍል ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሠርቻለሁ። አንድ ነገር ልንገርሽ። ከቤተሰቡ ጀምሪ። ከአክሲዮን አትጀምሪ፣ ከወለድ አትጀምሪ፣ ከገበያ አትጀምሪ። አዲስ ተመርቀው የሚመጡልን ልጆች ጎበዞች ናቸው፣ ግን ደንበኛው ተቀምጦ ቡናው ሳይቀርብለት የተቀማጭ ዓይነት መዘርዘር ይጀምራሉ። ሰውየው ግን የመጣው ስለ ገንዘቡ ሊያወራ አይደለም። ትንሽ ቆይተሽ ብታዳምጪው ስለ ልጆቹ ነው የሚያወራው። ትልቁ ልጅ ንግዱን አልወደደውም፣ ሴቷ ውጭ አገር ናት፣ የመጨረሻው ገና ዘጠነኛ ክፍል ነው፣ ሰውየው ራሱ ደግሞ ስኳር ይዞታል። የሀብት አስተዳደር ሥራ እዚህ ውስጥ ነው ያለው።

ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ለመጠየቅና ለማዳመጥ ስጪያቸው። ገንዘቡ ለማን ነው? መቼ ይፈለጋል? ብታመም ማን ይፈርማል? ብድር የሰጠሃቸው ሰዎች እነማን ናቸው፣ ወረቀት አለው? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ነገር ያወጣል፤ እኛ ዘንድ ትልቅ ነጋዴ በዱቤና በአደራ የበተነው ገንዘብ ባንክ ካለው ሊበልጥ ይችላል።

ከዚያ የቤተሰቡን የሀብትና የዕዳ ዝርዝር አሠሪያቸው። ተማሪዎቹ የኩባንያ ሲሆን ያውቁታል፣ የቤተሰብ ሲሆን ግን ይከብዳቸዋል። እያንዳንዱ ንብረት ጎን ሦስት ነገር ይጻፉ፦ በማን ስም ነው፣ ስንት ጊዜ ውስጥ ወደ ጥሬ ገንዘብ ይለወጣል፣ ገቢ ያመጣል ወይስ ወጪ። ያኔ የወረታው ነጋዴ ምን ያህል ሀብታም ሆኖ ምን ያህል ጥሬ ገንዘብ እንደሚያጥረው ራሳቸው ያዩታል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሩዝ ሲገባ መግዣ ይፈልጋል፤ ቤቱን ግን በሳምንት ሸጦ ሩዝ አይገዛም። መንገድ የተዘጋ ሰሞን ደግሞ አይሱዙው ቆሞ፣ መጋዘኑ ሞልቶ፣ የሠራተኛ ደመወዝ ይደርሳል። የመጠባበቂያ ገንዘብ ትምህርት በዚህ ነው የሚገባቸው።

አንድ ልጨምር። አማካሪው ራሱ ከየት እንደሚበላ አስተምሪያቸው። ባንክ ውስጥ ያለ ሰው ተቀማጭ እንዲያመጣ ዒላማ ተሰጥቶታል። ደንበኛው ገንዘቡን አውጥቶ የልጁን ትምህርት ቢከፍል ወይም ዕዳውን ቢዘጋ የሚሻለው ሲሆን «እዚሁ አስቀምጠው» የሚል ምክር ከየት እንደመጣ ማወቅ አለባቸው። ይህን ተምሮ ያልወጣ ልጅ ሻጭ ይሆናል እንጂ አማካሪ አይሆንም።

ፋይናንስ ወዳጅ፦

ከባንኩ ሰው ጋር ብዙው ላይ እስማማለሁ፣ ግን መምህርት፣ እባክሽ ስሌቱን እንዳትተይው። «የእኛ አገር የተለየ ነው» እያልን ከዓመት ዓመት ተማሪዎቹን የማይረባ ነገር ይዘው እንዲወጡ ማድረግ የለብንም። የኢኮኖሚ ምሁሩ ማርኮዊትዝ በ1952 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ሐሳብ ኒው ዮርክ ላይ ብቻ የሚሠራ አይደለም። ዋናው ነገር የንብረቶቹ ብዛት አይደለም፣ አብረው ይወድቃሉ ወይስ አይወድቁም የሚለው ነው። አሁን ያንቺን ነጋዴ በዚህ ዓይን እዪው። መፈልፈያው የፎገራ፣ ማለትም የወረታ አካባቢ፣ ሩዝ ነው። መጋዘኑ የፎገራ ሩዝ ነው። አይሱዙው የሚጭነው ሩዝ ነው። የሚያከራየው ቤት ተከራይ ማን እንደሆነ ጠይቂ፣ እሱም እህል ነጋዴ ሊሆን ይችላል። በዱቤ የሰጣቸው ሰዎችም ሩዝ ነጋዴዎች ናቸው። ብዙ ዓይነት ሀብት ያለው ይመስለዋል፣ አንድ መጥፎ ክረምት ወይም አንድ የተዘጋ መንገድ ግን ሁሉንም በአንድ ላይ ይመታዋል።

አምስት ባንክ ውስጥ አክሲዮን መያዙም እንደዚሁ ነው። አምስቱም ባንኮች አንድ ብሔራዊ ባንክ የሚያወጣው መመሪያ፣ አንድ የብድር ጣሪያ፣ አንድ የውጭ ምንዛሪ ሁኔታ ይነካቸዋል። ተማሪዎችሽ ይህን በቁጥር ቢያዩት በሕይወታቸው አይረሱትም። ለዚህ ከባድ ሒሳብ አያስፈልግም፣ የሁለት ንብረት ምሳሌ በኤክሴል ይበቃል። ከዚያ በላይ ያለው ለማስተርስ ይቆይ።

የዋጋ ንረቱንም በብር አሳዪያቸው፣ በመቶኛ ብቻ አትንገሪያቸው። ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ በነበረበት በ2014 የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። 100 ብር ያስቀመጠ ሰው በዓመቱ 107 ብር ይኖረዋል፣ ዕቃው ግን 130 ገብቷል። ያ 107 ብር የሚገዛው ዓምና በ82 ብር ገደማ ይገዛ የነበረውን ነው። ሕዝቡ ለምን ወደ ቤትና ወደ መሬት ሮጠ? ስላልተማረ አይደለም። ሒሳቡን ቀድሞ ስላወቀው ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ደግሞ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ልጇ ውጭ ሆና ገንዘብ የምትልክላት እናትና ማሽን በዱቤ ከውጭ ያዘዘ ነጋዴ ያንን ሳምንት እኩል አላዩትም። ይህ ለሁለት ክፍለ ጊዜ የሚበቃ ውይይት ነው።

ደግሞ አሁን አክሲዮንና ቦንድ የሚገበያይበት የካፒታል ገበያ አለን። አዋጁ 1248/2013 ነው፤ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ተከፍቷል፣ መጀመሪያ የተመዘገበውም ወጋገን ባንክ ነው። የኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮን ሽያጭ ራሱ ምርጥ ኬዝ ነው። አንዱ አክሲዮን 300 ብር፣ ዝቅተኛው ግዢ 33 አክሲዮን ማለትም 9,900 ብር፣ ከፍተኛው 3,333 ነበር። ለሽያጭ ከቀረበው 100 ሚሊዮን አክሲዮን የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ገደማ ነው። ሕዝቡ ለምን በብዛት አልገዛም? ዋጋው ነው? መልሶ የሚሸጥበት ቦታ ሳይታወቅ ስለተሸጠ ነው? የትርፍ ድርሻው ነው? ተማሪዎቹ ለወረታው ነጋዴ «ግዛ» ወይም «ተው» ብለው ምክንያታቸውን ይጻፉ።

ጠበቃ ከቀበሌ 14፦

ሁለታችሁም ትልቁን ነገር ዘለላችሁት። ውርስ። ፍርድ ቤት ውስጥ ሀብት ሲፈርስ የማየው በኢንቨስትመንት ስህተት አይደለም፣ አባት ሳይናዘዝ ሞቶ ነው። የቢዝነስ ተማሪ ጠበቃ ይሁን አልልም፣ ግን ጥቂት ነገር ሳያውቅ ቤተሰብ ፊት መቀመጥ የለበትም።

የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የ1952 ነው። ኑዛዜ ከሌለ የመጀመሪያዎቹ ወራሾች ልጆች ናቸው፣ እኩል ይካፈላሉ። ከጋብቻ ውጭ የተወለደውም እኩል ነው። ይህን የማያውቅ ቤተሰብ ብዙ ነው፤ ለቅሶው ሳያልቅ አንድ ወጣት የልደት ማስረጃ ይዞ ይመጣል። ሚስት ደግሞ ከጋራ ንብረቱ ግማሹን ትወስዳለች እንጂ ያለ ኑዛዜ የባሏ ወራሽ አይደለችም። ስለዚህ ከመካፈሉ በፊት የጋራው የቱ፣ የግሉ የቱ እንደሆነ መለየት ይመጣል። መፈልፈያው ከጋብቻ በፊት የተገዛ ነው? ቦታው ከአባቱ የወረሰው ነው? ካርታው በማን ስም ነው? የባንኩ ሰው «በማን ስም ነው» የሚለውን ዓምድ ያስገባው ትክክል ነው፣ እኔ «መቼና በምን ገንዘብ ተገኘ» የሚል እጨምርበታለሁ።

ኑዛዜም ዝም ብሎ ወረቀት አይደለም። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በጽሑፍ ሆኖ በተናዛዡና በ4 ምስክሮች ፊት መነበብና መፈረም አለበት፤ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከምስክሮቹ አንዱ ከሆነ 2 ይበቃሉ። ራሱ በእጁ የሚጽፈውም አለ፣ እሱ ደግሞ ሙሉ በሙሉ በራሱ እጅ መጻፍ አለበት። ጥሩ ኑዛዜ በቅርጽ ጉድለት ሲወድቅ ማየት ያሳዝናል።

ደግሞም አገራችንን እወቁ። ባሕር ዳር ያለ ሽማግሌ ስለ ኑዛዜው መጀመሪያ የሚያማክረው የንስሐ አባቱን ነው። ለቤተ ክርስቲያን የሚሰጠው፣ ለተዝካር የሚያስቀምጠው፣ ለገጠር ዘመድ የሚተወው አለ። ተማሪው ይህን «ወጪ» ብሎ ከሒሳቡ ሊቀንስ አይገባም። ሰውየው ሀብቱን ያፈራበት ምክንያት ሊሆን ይችላል። አማካሪ የሚያገለግለው ይህን ፍላጎት ነው።

የነጋዴ ልጅ፦

መምህርት፣ ሰላም ነዎት? እኔ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ ነው የተማርኩት፣ አሁን የቤተሰቤን ንግድ ነው የምሠራው። ስለ አሳይመንቱ ብቻ ልናገር። እባክዎ ተማሪዎቹን የቤታቸውን ሀብት ዘርዝራችሁ አምጡ አይበሏቸው። እኛ ቤት አባቴ ለእናቴ እንኳ ሁሉን አይነግራትም። ልጅ መጥቶ «አባዬ ስንት አለህ፣ ለመምህሬ ላስረክብ ነው» ቢለው ምን ይላል? ሐሰት ይነግረዋል፣ ወይም ይቆጣል። ደግሞ ክፍሉ ውስጥ ምንም የሌለው ቤተሰብ ልጅ አለ። ከገጠር መጥቶ በካፌ ምግብ የሚማር ልጅ ባዶ ወረቀት ይዞ አጠገቡ ያለው ልጅ የሦስት ፎቅ ባለቤት ሲሆን እንዲያይ ማድረግ ያሳቅቃል። ይህ ዘመንም ጥሩ አይደለም፤ ማን ምን አለው የሚለው ወረቀት ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ለቤተሰቡ አደጋ ነው። የአማካሪ የመጀመሪያ ሥራ ምስጢር መጠበቅ ነው እየተባለ ኮርሱ ራሱ ምስጢር የሚያወጣ መሆን የለበትም።

ከዚያ ይልቅ አንድ ቤተሰብ ፍጠሩ። የወረታውን። ሴሚስተሩን ሙሉ እሱን ያዙ። አንዱ ተማሪ ባል፣ አንዷ ሚስት፣ አንዱ ትልቁ ልጅ ይሁኑ። ሁሉም ሌላው የማያውቀው ነገር የተጻፈበት ወረቀት ይያዝ። ሚስት ስለ ወርቋ፣ ባል ስለ ሰጠው ብድር፣ ልጁ ንግዱን ስለማይፈልግ። አማካሪ የሆኑት ባልና ሚስትን አንድ ላይም ለየብቻም ይጠይቁ። መልሱ እንደሚለያይ ከወዲሁ እነግርዎታለሁ። እናቴ ሀብት ምንድን ነው ስትባል የምትለው ሌላ ነው፣ አባቴ ሌላ ነው።

ጣና ዳር፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁም። የነጋዴ ልጅ፣ ስለ አሳይመንቱ የተናገርሽው ልክ ነው፣ የቤተሰብ ዝርዝሩ ቀርቷል። የወረታው ቤተሰብ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳምንት ይቆያል። አንደኛ ሳምንት ጥያቄ፣ ከዚያ የሀብትና የዕዳ ዝርዝር፣ ከዚያ መጠባበቂያና መድን፣ ስሌቱን መሐል ላይ አስገባዋለሁ፣ ውርሱን ደግሞ የሕግ መምህር ጋብዤ ሁለት ክፍለ ጊዜ እሰጠዋለሁ። የቀረኝ ፈተናው ነው። በምርጫ ጥያቄ ይህን ነገር መፈተን አልፈልግም።

የባንክ ሰው፦

ደብዳቤ አስጽፊያቸው። ለቤተሰቡ፣ ሁለት ገጽ፣ በአማርኛ፣ አራተኛ ክፍል ድረስ የተማረ ነጋዴ አንብቦ የሚገባው። የምትመክሩትን፣ ለምን እንደሆነ፣ ምን ሊበላሽ እንደሚችል፣ እናንተ ምን እንደምታገኙበት። ኤክሴሉን በአባሪ ያያይዙ። ስሌቱ ልክ ሆኖ ደብዳቤው የማይገባ ከሆነ ነጥብ ቀንሺ። በቃል ደግሞ ባልየውን ሆነሽ አንቺ ራስሽ ጠይቂያቸው፦ «ከሁሉም ባንክ ብሬን አውጥቼ ሌላ ቤት ልሥራ ብል ምን ትሉኛላችሁ?» መልሳቸው ውስጥ ባንክ ቢወድቅ የአስቀማጩን ገንዘብ የሚመልሰው የተቀማጭ መድን ፈንድ በአንድ ባንክ ለአንድ ሰው እስከ 100 ሺህ ብር ብቻ እንደሚሸፍን የጠቀሰ ተማሪ ካገኘሽ ደስ ይበልሽ።

ፋይናንስ ወዳጅ፦

ለመጨረሻው ፈተና ሌላ ቤተሰብ አምጪ እንጂ የወረታውን አትድገሚው፣ ሸምድደው ይመጣሉ። ለምሳሌ ወለድ የማይቀበል ሙስሊም ነጋዴ፣ ባሕር ዳር ገበያ ውስጥ የጨርቃ ጨርቅ መደብር ያለው፣ ዘካ በየዓመቱ የሚያሰላ። የቁጠባ ወለዱ ምሳሌ አይሠራላቸውም፣ የባንክ አክሲዮን ለመምከርም የትኛው ባንክ ብለው መጠየቅ ይኖርባቸዋል፣ የውርስ ክፍፍሉንም ቤተሰቡ በሸሪዓ ፍርድ ቤት ለመጨረስ ተስማምቶ ሊሆን ይችላል። ከፈለግሽ ቁጥሮቹን እኔ አዘጋጅቼ በዚሁ እለጥፍልሻለሁ።