የዲኤክስ የፊት መስታወት ውሃ ያስገባል፤ ከየት እንደሆነ ጠፋኝ

የላፍቶው፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ አለኝ፣ የ1985 ሞዴል። ሞተሩ ምንም አይወጣለትም። ችግሬ ዝናብ ነው። ሐምሌ ከገባ ጀምሮ ጠዋት በር ስከፍት የሾፌሩ እግር ስር ረጥቦ አገኘዋለሁ። ትናንት ማታ ከቄራ ስመለስ ዶፍ ያዘኝ። ፍሬን በያዝኩ ቁጥር ከዳሽቦርዱ ስር ግራ ቁርጭምጭሚቴ ላይ ጠብ ጠብ ይላል።

ውሃው ብዙ አይደለም። ሌሊቱን ሙሉ ቢዘንብ ቢበዛ ሁለት የቡና ስኒ ቢሞላ ነው። ግን ፊውዞቹ እዚያው አካባቢ ናቸው። ባለፈው ሳምንት ፍሬቻ መሥራት አቆመ። ፊውዙን ነቅዬ ሳየው እግሩ አረንጓዴ ሆኗል። ያስፈራኝ እሱ ነው። እናቴን ለኩላሊት እጥበት በሳምንት ሁለቴ የማመላልሰው በዚህ መኪና ነው። ክረምቱን ሙሉ ላቆመው አልችልም።

አምና አንድ ጋራዥ ወስጄው የመስታወቱን ጎሚኒ ዙሪያውን ሲሊከን ቀብተው ሰጡኝ። ሁለት ሳምንት ያዘ። አሁን እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየተላጠ ነው። በላዩ ላይ ሌላ ልጨምርበት? ወይስ መስታወቱ መውጣት አለበት?

ከሰሚት፦
ወንድሜ፣ ከመስታወቱ ላይሆንም ይችላል። የኔን አሮጌ ኮሮላ ጃካራንዳ ስር ነበር የማቆመው። ከኮፈኑ ጀርባ፣ የዝናብ መጥረጊያው ስር ያለችው የአየር ማስገቢያ ወንፊት ቅጠል በላች። ውሃው መውረጃ ሲያጣ ሞልቶ ወደ ውስጥ ይገለበጥ ነበር። እዚያ አንድ ጆግ ውሃ አፍስስና ጎንበስ ብለህ እይ። ከመኪናው ስር ቶሎ ካልወረደ ተደፍኗል ማለት ነው።

ባትላሜራ በሙያዬ፦
ልጄ፣ በላዩ ላይ ምንም እንዳትጨምር። 26 ዓመት መኪና ስቀጠቅጥ ይህን ስህተት ስንት ጊዜ እንዳየሁት አልነግርህም። ሲሊከን ባለበት ቦታ ሌላ ማሸጊያ አይዝም። ደግሞ አቼቶ አቼቶ የሚሸተው ሲሊከን ብረት ያዝጋል። ከውጭ የተሸፈነ ይመስላል፤ ከስር ውሃው ተኝቶ ላሜራውን ይበላል።

መጀመሪያ ቀዳዳውን ፈልግ። ውሃ የሚንጠባጠብበት ቦታና የሚገባበት ቦታ አንድ አይደለም። ከላይ ማዕዘን ገብቶ፣ በመስታወቱና በበሩ መካከል ባለው ምሰሶ ውስጥ ወርዶ እግርህ ስር ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ የምሰሶውን የውስጥ ሽፋን አውጣ። ላሜራው ደረቅ ሲሆን ጠመኔ ቀባው። አንድ ሰው የስልክ መብራት ይዞ ውስጥ ይቀመጥ። አንተ በውሃ ጎማ፣ ግፊቱን ቀንሰህ፣ ከመስታወቱ ታች ጀምር። አንድ ቦታ ላይ ሦስት አራት ደቂቃ ሳትቆይ ወደ ላይ አትሂድ። ከላይ ከጀመርክ ውሃው ሁሉንም ያረጥብና ምንም አታውቅም። ጠመኔው ላይ መንገድ ሲሠራ ታየዋለህ።

ያንተ መኪና መስታወት እንዳሁኖቹ በማጣበቂያ የተለጠፈ አይደለም። በጎሚኒ የተያዘ ነው። ይሄ ዕድል ነው፤ ሳይወጣ ማሸግ ይቻላል። አሮጌውን ሲሊከን በእንጨት ፍቀህ አውጣ፣ ካቻቪቴ አታስገባ። የፊት መስታወት ጠርዙ ላይ ትንሽ ከተነካ ሊሰነጠቅ ይችላል። በአልኮል ጥረግ፣ በደንብ ይድረቅ። ከዚያ የማይደርቀውን ጥቁር የመስታወት ማስቲሽ ግዛ። ሶማሌ ተራ አታጣውም። የጎሚኒውን ከንፈር ቀስ ብለህ አንሳና ከስሩ አስገባ፤ ከመስታወቱም በኩል፣ ከላሜራውም በኩል። አንዱን ብቻ አሽገው ነው ብዙዎች የሚመለሱት።

ዝገት ካገኘህ ግን ንገረኝ። እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

ሰላም ከሐዋሳ፦
አንድ ነገር ልጨምር። ሞኬቱን አንሱት። ከስሩ ያለው ወፍራም ጨርቅ ውሃ ይይዛል፣ ከላይ ደርቆ ከስር ለሳምንታት እርጥብ ነው። የእኔ መኪና ወለሉ የተበሳው እንደዚያ ነው። ደግሞ ውሃውን በጣታችሁ ንኩት። የሚያሟልጭና ጣፋጭ የሚሸት ከሆነ ዝናብ አይደለም፣ ከራዲያተር የሚመጣው የሂተሩ ውሃ ነው።

የላፍቶው፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቅዳሜ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ሠራነው። በመጀመሪያ ጆጉን ሞከርኩ፣ ውሃው ወዲያው ከስር ወረደ። ከወንፊቱ ብዙም ያልሆነ የባሕር ዛፍ ቅጠል አወጣሁ።

ከዚያ ወንድሜን ውስጥ አስቀምጬ በጎማ ጀመርኩ። ከታች ምንም። ጎኑ ላይ ምንም። የግራው የላይ ማዕዘን ስደርስ «መጣ! መጣ!» ብሎ ጮኸ። ጠመኔው ላይ ቀጥ ያለች ቀጭን መስመር ወርዳለች። እኔ ግን ዓመት ሙሉ የታችኛውን ጠርዝ ነበር የምጠራጠረው። ጋሼ፣ እርስዎ ባይነግሩኝ አሁንም እዚያው እቀባ ነበር።

ጎሚኒው እዚያ ማዕዘን ላይ እንደ እንጨት ደርቋል። ሲሊከኑን ፍቆ መጨረስ ብቻ ሦስት ሰዓት ፈጀ። ማስቲሹን በሁለቱም በኩል አስገባሁ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ከባድ ዝናብ መጣ፤ አንዱ በረዶ ነበረው። እግሬ ስር ያነጠፍኩት ጋዜጣ ደረቅ ነው። ሞኬቱ ቆርቆሮ አጥር ላይ ተሰጥቷል፣ ፀሐይ ስትወጣ እየደረቀ ነው። የፊውዞቹን እግር በብርጭቆ ወረቀት አጸዳሁ፣ ፍሬቻውም ሠራ።

የቀረኝ አንድ ነገር። ጎሚኒውን ሳነሳ ላሜራው ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ዝገት አየሁ። ስነካት አልተበሳችም።

ባትላሜራ በሙያዬ፦
ጎበዝ ልጄ። ካልተበሳች እስከ መስከረም ትቆያለች። አሁን በዝናብ መስታወት አታስወጣ። እርጥብ ላሜራ ላይ ቀለም አይዝም። መስቀል ካለፈ በኋላ አዲስ ጎሚኒ ገዝተህ ና። መስታወቱን እናወጣለን፣ ዝገቱን እስከ ነጭ ብረት ፍቀን ፀረ ዝገት እንቀባለን፣ በሳሙና ውሃና በሲባጎ እንመልሰዋለን። የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ቀለሙ ግን አንድ ሌሊት ማደር አለበት። እናትህ ሐኪም ቤት የማትሄድበትን ቀን ምረጥ።