የድልድይ ጉዳት ፍለጋው ከአራት ቀን ተኩል በላይ ፈጀብኝ፤ እንዴት ላፋጥነው?

ጠያቂ፦ የድልድይን ንዝረት ለክቼ የተዳከመውን ክፍል እፈልጋለሁ። የእያንዳንዱን ክፍል ግትርነት (ላለመታጠፍ ያለውን ጥንካሬ) በኮምፒውተር ሞዴል እየቀያየርኩ ከተለካው ድግግሞሽ (በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብ) ጋር የሚገጥመውን የማስመርጠው በጀኔቲክ አልጎሪዝም፣ ማለትም ብዙ ግምቶችን እንደ አባላት ይዞ የተሻሉትን በየትውልዱ እያዳቀለ በሚፈልግ ዘዴ ነው፤ 50 አባላት፣ 200 ትውልድ፣ በድምሩ 10,000 ስሌት። አንዱ ስሌት 40 ሰከንድ ይወስዳል። ይባስ ብሎ የሁለተኛው ዙር መልስ ከመጀመሪያው ጋር አይገናኝም። ሌላ ኮምፒውተር ልግዛ ወይስ ዘዴውን ልቀይር?

ብረት ቆጣሪ፦ ገንዘብህን ያዝ። ስንት የንዝረት ቅርጽ (ድልድዩ በአንድ ድግግሞሽ ሲርገበገብ የሚታጠፍበት መልክ) ነው የምታሰላው? እኔ አምስት ብቻ ለክቼ ሞዴሉን መቶ ሳስቆጥረው ከርሜአለሁ። ላንክዞስ በሚባለው የስሌት ዘዴ ድግግሞሻቸው ዝቅተኛ የሆኑትን ጥቂት ቅርጾች ብቻ አስወጣ። ጉዳት የማትጠረጥርበትን የድልድዩን አካል ደግሞ በክሬግና ባምፕተን ዘዴ (እ.ኤ.አ. 1968) አንድ ጊዜ ወደ ጥቂት ቁጥሮች ጨምቀህ አስቀምጠው፤ በየዙሩ የሚሰላው የተጠረጠረው ብቻ ይሆናል። አንዱ ስሌት ወደ አንድ ሰከንድ ከወረደልህ 10,000ው ሦስት ሰዓት አይሞላም።

ቀመር ወዳድ፦ እኔስ 10,000ውንም አልወደድኩትም። የአንድ ክፍል ግትርነት ትንሽ ሲቀንስ ድግግሞሹ ምን ያህል እንደሚወርድ ከጤናማው ሞዴል የንዝረት ቅርጽ በቀጥታ ይሰላል። ሁለት ጫፉ ላይ ብቻ የተደገፈ ወራጅ አስብ፤ በመጀመሪያው ንዝረት አብዝቶ የሚታጠፈው መሃሉ ነው፤ ስለዚህ እዚያ ያለ ስንጥቅ ድግግሞሹን በደንብ ያወርደዋል። በሁለተኛው ንዝረት ግን መሃሉ አይታጠፍምና ያው ስንጥቅ ድግግሞሹን አይነካውም ማለት ይቻላል። ይህን ልዩነት ይዘህ ቦታውን አጥብብ። ጉዳቱ ከባድ ከሆነ ግምቱ ይስታል፤ ሞዴሉን እያስተካከልክ ሁለት ሦስት ጊዜ ድገመው።

የቆየ መሐንዲስ፦ ወንድሞቼ ስለ ፍጥነቱ ብቻ ተናገሩ። ሁለቱ መልሶችህ ከመሃል እኩል ርቀው፣ አንዱ በግራ ሌላው በቀኝ አይደሉም? የድልድዩ ሁለት ወገን አንድ ዓይነት ከሆነ ድግግሞሽ ብቻውን ግራና ቀኝ አይለይም፤ የተለካውን የንዝረት ቅርጽ ጨምርበት። የልኬቱን ቀን ሙቀትም ተመልከት። በስዊዘርላንድ ዜድ 24 የተባለው ድልድይ እ.ኤ.አ. በ1998 ከመፍረሱ በፊት ሲጠና፣ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች ሲወርድ አስፋልቱ ጠንክሮ ድግግሞሹን ከፍ አድርጎት ነበር። እንዲህ ያለ ቀን ጉዳትን ይሸፍናል።

ጠያቂ፦ ከ20 ክፍሎች አንዱ መልስ 4ኛው፣ ሌላው 17ኛው ነበር፤ እንዳሉት ነው፣ ጋሼ! የቅርጹ ልኬት እጄ ላይ እያለ ሳልጠቀምበት ቀርቻለሁ። የሙቀት መዝገብ ግን የለኝም፤ ልኬቱን ልደግመው ነው።