ቪንሰንትና ካትሪን በዲቪዲ፦ ምስሉ ለምን ይለጠጣል?

ጥያቄ፦ በ1987 እ.ኤ.አ. በአሜሪካው ቴሌቪዥን ጣቢያ ሲቢኤስ የጀመረው «ውቢቱና አውሬው» ድራማ (የካትሪንና የአውሬ መልክ ያለው የቪንሰንት ፍቅር) የአሜሪካ ዲቪዲ አዲስ አበባ ባለው ማጫወቻ አልከፍት አለ። በኮምፒውተር ደግሞ ፊቶቹ ይለጠጣሉ፣ ሲንቀሳቀሱም ጭረት ይታያል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ የአሜሪካ ዲስክ ሪጅኑ (ዲስኩ የተሠራለት የዓለም ክፍል ቁጥር) 1 ነው፤ የኢትዮጵያ 5። ሪጅን የማይለይ ማጫወቻ ይፈልጉ። የኮምፒውተር ድራይቭ ሪጅን የሚቀየረው 5 ጊዜ ብቻ ስለሆነ ዝም ብለው አይነካኩት።

መልስ፦ ድራማው የተሠራው ለ4፡3 ስክሪን ነው። ቪኤልሲ በተባለው የቪዲዮ ማጫወቻ ፕሮግራም ላይ አስፔክት ሬሾውን (የምስሉን የወርድና የቁመት ምጣኔ) 4፡3 ያድርጉ፣ ዲኢንተርሌስን (ጭረቱን የሚያጠፋውን ማስተካከያ) አብርተው ሞዱን ያዲፍ (Yadif) ይምረጡ፤ ጭረቱ ይጠፋል። ግራና ቀኝ የሚቀረው ጥቁር ትክክል ነው፣ አይሙሉት። ቪንሰንት የሚኖርበት የዋሻው ትዕይንት ከጨለመብዎት ብርሃን ከመጨመር ክፍሉን ማጨለም ይበልጣል፤ ቪንሰንትን የሚጫወተው የሮን ፐርልማን ሜካፕ ያኔ ነው የሚያምረው!

መልስ፦ ሦስተኛውን ሲዝን ለብቻው ያቆዩት። ካትሪን መጀመሪያው ላይ ስለምትሞት ፍቅሩን ፈልጎ ለሚያይ ሰው ይከብዳል።